ከረከቦቱ ዳር የዋጥኩት መልስ

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 4፥1–31፤ ዮሐንስ 21፥1–17፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥13–17

ነገሩ የሆነው ወግዲ፣ አክስቴ ቤት ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ዘመድ ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ሄጄ ነበር። መካነ ሰላም አድሬ በማግስቱ ስገባ አክስቴ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አቅርባ፣ ጎረቤት ጠርታ ጠበቀችኝ። በአንድ በኩል ማተቧን ያሰረች ጎረቤቷ ተቀምጣለች። በሌላ በኩል ሰግደው የመጡ አንድ ሙስሊም አዛውንት መቁጠሪያቸውን ይዘው ተደግፈዋል። የወሎ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ቡናችን እንዲህ ነው የሚጠጣው።

አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ። በረካው ሲቀዳ አክስቴ ሲኒውን እየሰጠችኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ አገሩ ሁሉ ጴንጤ ሆኗል ይለኛል። እኔ የሰው ወሬ አልሰማም፤ ካንተው አፍ ልስማው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ አልታረቅም ያልከውን ወንድምህን በራስህ እግር ሄደህ ታረቅኸው። ምን አግኝተህ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ።

እኔም ሳቅሁ። «ኧረ ተይ አክስቴ፣ የሰው ወሬ መቼ ያልቃል! ሁላችንም የአንድ አምላክ ፍጡሮች አይደለን? ይልቅ ይቺ ቡናሽ ናት ጉድ ያሰኘችኝ» አልኳት። ሁሉም ሳቁ፤ ጨዋታው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ። አዛውንቱ ብቻ አልሳቁም። ቀስ ብለው «ጠይቃህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

በጥር መርዶ ደረሰኝ። ለለቅሶ ስሄድ እኚያው አዛውንት ከድንኳኑ ወጣ አድርገውኝ፣ «አክስትህ ያን ቀን ካለፈ በኋላም ስታነሳው ነበር። ‹ልጄ ምን ብበድለው ነው የደበቀኝ?› ትል ነበር» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው እንባችሁን ለመቀስቀስ አይደለም። ከእኔ ጋር በዚያ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው።

ፍርሃታችን ከንቱ አይደለም

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። በከተማ፣ አምስት መቶ ሰው በሚዘምርበት አዳራሽ ተቀምጦ «በድፍረት መስክሩ» ማለት ቀላል ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ራሳቸውን ፕሮቴስታንት ብለው ያስመዘገቡት ከመቶ 0.2 ብቻ ነበሩ፤ ከሺህ ሰው ሁለት ማለት ነው። በደቡብ ወሎ ደግሞ ከአሥር ሰው ሰባቱ ሙስሊም፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ኦርቶዶክስ ነው። ከአባይ ሸለቆ አፋፍ ባሉት የወግዲ ቀበሌዎች አንድ አማኝ ብቻውን የሚቆምበት መንደር ብዙ ነው።

ብቻውን የቆመ ሰው የሚፈራው ወህኒ ወይም ሰይፍ ላይሆን ይችላል። የሚፈራው ቅሬን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ ቀቅሎ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው እርሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ለልጁ አስከሬን ተሸካሚ ያጣል። የት እንደሚቀበርም አያውቅም። በአዝመራ ጊዜ ደቦ አይመጣለትም፣ ሴት ልጁን የሚጠይቅ ይጠፋል። ስለዚህ ወንድማችን «እኔ የጌታ ነኝ» ለማለት ሲያመነታ እምነት የለውም ብለን አንፍረድበት። የሚከፍለውን ዋጋ ቆጥሮት ነው።

እኔ ግን ያን ቀን የምከፍለው ይህ ነው የሚባል ዋጋ አልነበረኝም። ነገ ወደ አዲስ አበባ የምመለስ ሰው ነበርኩ። የጠየቀችኝም ጠላት አልነበረችም፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ዝምታዬን ለራሴ «ጥበብ» ብዬ ሰየምኩት። ትክክለኛ ስሙ እፍረት ነበር።

በጩኸትም አይደለም

ይህን የሚሰማ አንድ ወንድም «እንግዲያው እንነሳ! ማይክራፎን ይዘን ገበያ እንውጣ!» ሊል ይችላል። ቅናቱን እወድለታለሁ። ነገር ግን የወሎን ታሪክ ሳያውቅ እንዳይወጣ እለምነዋለሁ።

ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሚባል ቦታ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ጉባኤ አደረጉ። የክርስቲያኖቹ የነገረ መለኮት ክርክር ከተዘጋ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትናን እንዲቀበል ተወሰነ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ሆኑ። እንቢ ያለው ተዋጋ፣ ተሰደደ። ሌላው ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ማታ በቤቱ በእስልምና ይሰግድ እንደነበር ይነገራል። በአዋጅ የመጣ እምነት ሰውን ሁለት ፊት ያደርገዋል። እስከ ዛሬ በአንዳንድ ቤት «ክርስትና» የሚለው ቃል ከዚያ ጠባሳ ጋር ነው የሚሰማው።

በዚያው በቦሩ ሜዳ ግን ሌላም ነገር ሆኗል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሰዎች የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትን ጣቢያ ከፈቱ። ዘመድ የሸሸውን፣ ጣቱ የተቆረጠውን፣ ከመንደር የተገለለውን ሰው ቁስል አጠቡ። በአንድ ስም፣ በአንድ ሜዳ ሁለት ዓይነት ሥራ ተሠራ። የመጀመሪያው ሰው እንዲሸሽግ አደረገ፤ ሁለተኛው የተሸሸገውን ሰው አወጣ። የትኛው ጌታችንን ይመስላል?

ዛሬ አዋጅ የሚያወጣ ንጉሥ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማመንና እምነትን የመግለጽ ነጻነት ሰጥቶናል፣ ማስገደድንም ከልክሏል። ግን በቲክቶክ የሌላውን ቅዱስ ነገር እያነሳን ስንሳለቅ፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ ክርክር ስንከፍት፣ የተራበውን «መጀመሪያ ጸልይ፣ ከዚያ ትበላለህ» ስንል የቦሩ ሜዳን አዋጅ በትንሹ እየደገምነው ነው። ዘለፋ ጀግንነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ዘለፋ ራሱ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ የሰውየውን ጥያቄ ላለመስማት እንጮሃለን።

ድፍረት ማለት ግልጥነት ነው

ታዲያ ምን ይሻላል? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን እናንብብ። ጴጥሮስና ዮሐንስ በሸንጎ ፊት ቆመዋል። ያልተማሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሸንጎውን ያስገረመው ግልጥ አነጋገራቸው ነበር። በኋላም በኢየሱስ ስም እንዳይናገሩ ተዝቶባቸው ወደ ወገኖቻቸው ሲመለሱ ጉባኤው ጸለየ። የጸለዩትን ልብ እንበል፦ ጠላቶቻቸው እንዲጠፉ አልለመኑም፣ ከዓይን እንዲሰወሩም አልለመኑም። በግልጥ መናገር እንዲሰጣቸው ለመኑ። እኛ ዛሬ «ድፍረት» የምንለውን የቀድሞው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ግልጥነት» ይለዋል። የግሪኩም ቃል ሳይደብቁ ሁሉን መናገር ማለት ነው።

ይህ ቃል እኔን አሳረፈኝም፣ ወቀሰኝም። አሳረፈኝ፣ ምክንያቱም ድምፄ ትልቅ መሆን የለበትም፤ ተከራካሪ መሆንም አይጠበቅብኝም። ወቀሰኝ፣ ምክንያቱም የሚፈለገው አንድ ነገር ነበር፣ አለመደበቅ። እኔ ደግሞ የደበቅሁት ያንኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሸንጎው ጴጥሮስንና ዮሐንስን የጠራው አንድ ሽባ ተነሥቶ ስለሄደ ነው። ሰው መጀመሪያ ያየው የዳነውን ሰው ነው፤ ቀጥሎ «ይህ በማን ስም ሆነ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ነው ጴጥሮስ የመለሰው። ሐዋርያው በኋላ በመልእክቱ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በየዋህነትና በአክብሮት ለመመለስ ዝግጁ እንድንሆን ሲያዝዘን ያንኑ መንገድ ያሳየናል። ኑሮ ጥያቄ ያስነሳል፤ አፍ ይመልሳል። «እኔ በኑሮዬ ነው የምመሰክረው፣ አፌን አልከፍትም» የሚል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዶ ይቆማል። በእኔ ሕይወት ጌታ ከወንድሜ ጋር አስታርቆኛል፤ ያ እርቅ በአክስቴ ልብ ጥያቄ ዘርቷል፤ ጥያቄው በርትቶ ከአፏ ወጥቷል። የቀረው የእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ባይነገር ኑሮዬ ብቻውን ምን አለ? «ወንድሜን የታረቅሁት እኔ ደግ ስለሆንኩ ነው» አለ። የጌታን ክብር ለራሴ ወሰድኩት።

ዶማ ይዞ የመጣው ሰው

አጎቴ እንደ እኔ አላደረገም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ እንደ ብዙ የወሎ ሰው በሰፈራ ወደ ወለጋ ተወሰደ። ያኔ በወለጋ ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት በደርግ ተዘግተው ነበር። የዚያው አገር ልጅ የነበሩት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር ለመውጣት ዕድል ሲሰጣቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገድለዋል። እንግዲህ አጎቴ የገባው ሰባኪው ዝም ወደተሰኘበት አገር ነው። ወንጌልን የሰማው ከመድረክ አልነበረም። ወባ ጥሎት ሳለ ገንፎ ይዞለት ይመጣ የነበረ አንድ ገበሬ ነው የነገረው። አጎቴ ጠየቀው፤ ገበሬው መለሰለት።

መንግሥት ሲቀየር አጎቴ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ወደ ወግዲ ተመለሰ። በወሩ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ቅሬው ተሰብስቦ «መጤ ሃይማኖት ይዞብን መጣ» ብሎ አስወጣው። እርሱም አልተከራከረም፣ አልከሰሰም። ሰው በሞተ ቁጥር ግን የራሱን ዶማ ይዞ ሄዶ መቃብር ይቆፍር ነበር። ክርስቲያን ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ሙስሊም ሲሞት ወደ መካነ መቃብሩ። ንፍሮው ሲቀርብ ሳይጠሩት አይቀመጥም፤ ዶማውን ይዞ ቤቱ ይገባል። የታመመ በወሳንሳ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እርሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቅሬው ዳኛ አላስችል ቢላቸው ጠየቁት፦ «አንተ ሰው፣ አስወጥተንሃል። ለአንተ ማንም አይቆፍርልህም። ለምን ትመጣለህ?» አጎቴም፣ «እኔ ሳልጠራው የመጣልኝ ጌታ አለ። ሙት ነበርኩ፤ በእኔ ፈንታ መቃብር ገባ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። እናንተ ባትቆፍሩልኝም እርሱ ያስነሣኛል። ስለዚህ ለእናንተ መቆፈር አይከብደኝም» አለ።

ይህን ታሪክ ስጨርስ «መንደሩ ሁሉ አመነ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላመነም። ቅሬው ግን መለሰው። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ በማሳው ዳር ቀበሩት፤ አልጋውን በአንድ በኩል ሙስሊሞች፣ በሌላ በኩል ኦርቶዶክሶች ተሸክመው። በወግዲ «ጴንጤ ምን ያምናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬም የአጎቴን መልስ የሚደግሙ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ አዳራሽ ሞልቶ ካየሁበት ቀን ይልቅ በዚያ መልስ ውስጥ ብዙ ስብከት አለ።

ዛሬ፣ ባለንበት

«ጊዜው ግን ክፉ ነው» የሚለኝ አለ። እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሰው ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያያል። ማንም ሰው ራሱንና ቤተሰቡን በከንቱ አደጋ ላይ ይጣል አልልም። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ ብሏቸዋል። ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ሰው «ይህ ሰው ለምን አይጠላም? ለምን አይዋሽም?» ብሎ የሚጠይቀው። ግልጥነት ሁልጊዜ ስለ ሃይማኖት መናገር ብቻ አይደለም። በቡና ላይ ስለ ሌላው ብሔር ክፉ ሲወራ «እኔ በዚህ አልስማማም፤ ጌታዬ ጠላቴን እንድወድ አዞኛል» ማለትም ምስክርነት ነው።

ነጋዴ ነህ? ቁናህን ሙላ። ጤፍ ሲወደድ እህልህን ደብቀህ አትጠብቅ። ገዢው «ሌላው እንዲህ አይሰፍርም» ሲል ፈገግ ብለህ አትለፈው፤ ለምን እንደምትሞላ ንገረው። ጉዳይ አስፈጻሚ ነህ? የሻይ ተብሎ የሚሰጥህን ስትመልስ «ደንብ ስለሆነ ነው» ብለህ በደንብ ጀርባ አትሸሸግ። ተማሪ ነሽ? «ጴንጤ» ብለው ሲጠሩሽ ስሙን እንደ ስድብ አትቀበዪው፤ እንደ ጥያቄ ውሰጂውና መልሺ። የንዕማንን ቤት አስቡ፤ ያቺ የተማረከች ብላቴና ሥልጣን አልነበራትም፣ ትምህርት አልነበራትም። ለእመቤቷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ የሶርያ ሠራዊት አለቃ በዚያች ዓረፍተ ነገር ዳነ (2ኛ ነገሥት 5)።

ይህን የምታነቡ እናንተም፣ ገና በመጠየቅ ላይ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠይቁን። «ምን አግኝታችሁ ነው?» በሉን። ብንስቅና ወሬ ብንቀይር እንደ እኚያ አዛውንት «ጠይቄህ ነበር እኮ» በሉን። መልስ የማግኘት መብት አላችሁ።

ያልሰጠሁት መልስ

አክስቴ አሁን አትሰማኝም። ግን ልመልስላት የሚገባኝን ልጻፈው፤ ምናልባት ለሌላ ሰው አክስት ይደርሳል።

«አክስቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ በመሬት ከወንድሜ ተጣልቼ ስድስት ዓመት ቂም ይዤ ኖርኩ። ሽማግሌ ልከሽ እንቢ ያልኩሽ፣ በደሌ የእርሱ ብቻ መስሎኝ ነው። አንድ ቀን ግን የራሴን ልብ አየሁት፤ ከእርሱ የባሰ ነበር። ኢየሱስ በመስቀል ላይ የሞተው ለእኔም እንደሆነ፣ ዕዳዬን ሁሉ እርሱ እንደከፈለ ሳምን ቂሙ የምይዝበት እጅ አጣ። ይቅር የተባልኩ ሰው እንዴት ይቅር አልልም? ያገኘሁት ይህን ነው። እምነትሽን ልንቅብሽ አልመጣሁም። አንቺ በየስቅለቱ የምትሰግጂለት መድኃኔ ዓለም የእኔም መድኃኒት እንደሆነ ነው ያወቅሁት። አንቺም ዕዳሽ እንደተከፈለ አምነሽ እንድታርፊ እመኛለሁ።»

አንድ የበረካ ሲኒ ጠጥቶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይህን ነው ያልሰጠኋት።

ሁለተኛው ፍም

ጴጥሮስም እሳት ዳር ነው የወደቀው። በብርድ ሌሊት የከሰል ፍም ከበው ሲሞቁ ጥያቄ መጣ፤ ጴጥሮስ አላውቀውም አለ። በአዲስ ኪዳን ያ የፍም እሳት አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ ይመጣል፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ጌታ ራሱ አንድዶት፣ ዓሣና እንጀራ አድርጎበት። ጌታ የካደውን ሰው በወደቀበት ዓይነት እሳት ዳር አስቀመጠው። አበላው። «ለምን ካድኸኝ?» አላለውም፤ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው። በሸንጎ ፊት በግልጥ የተናገረው ጴጥሮስ ከዚያ ቁርስ የተነሣው ጴጥሮስ ነው።

ስለዚህ ዝም ያልኩበትን ቀን እያሰብኩ አልቀርም፤ እናንተም አትቅሩ። ጌታ ሌላ ፍም ያነዳል፣ ሌላ ቡና ይፈላል፣ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ለእኔ የሚቀጥለው እዚያው ነው፤ እኚያ አዛውንት በሕይወት አሉ። በመስቀል ስሄድ እርሳቸው ቤት እገባለሁ፣ «አባባ፣ ያን ቀን የጠየቀችኝን ለእርስዎ ልመልስ» እላለሁ። ባይቀበሉኝም አከብራቸዋለሁ፤ አለመደበቄን ግን ያውቃሉ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በሰው ፊት ያፈርንብህን ይቅር በለን። ኑሯችን ጥያቄ የሚያስነሳ፣ አፋችንም መልስ የማይነፍግ ይሁን። በወግዲ፣ በመካነ ሰላም፣ በየመንደሩ ብቻቸውን የቆሙትን አጽናቸው፤ የሚቀብራቸው እንኳ ቢያጡ የምታስነሣቸው አንተ እንደሆንህ አይዘንጉ። ለምድራችን ሰላም ስጥ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።